ፕሮጄስትሮን በእርግዝና መጀመሪያ፦ ከማዘዣው እስከ መጨረሻዋ ፍሬ

ፋርማሲ ውስጥ ደጋግሜ የማያት ሴት አለች። ፊቷ ይለያያል እንጂ ሁኔታዋ አንድ ነው። ማዘዣውን አራት ቦታ አጥፋ በመዳፏ ይዛ ትገባለች። ሌላው ደንበኛ እስኪወጣ የቫይታሚኑን መደርደሪያ ታያለች። ከዚያ ጠጋ ትልና ድምጿን ዝቅ አድርጋ "ይሄ እንዴት ነው የሚወሰደው?" ትለኛለች። ሐኪሙ ነግሯታል። ግን በነገራት ሰዓት ደም አይታ ደንግጣ ነበር፤ የሰማችው ነገር የለም።

እኔም ደርሶብኛል። የመጀመሪያው ፅንስ ጨንግፎብኛል። በሁለተኛው፣ 7ኛው ሳምንት ላይ ደም ሳይ ይኸው ፕሮጄስትሮን የሚባል የሆርሞን መድኃኒት ታዘዘልኝ። ለስንት ሰው ያስረዳሁትን ነገር ቤቴ ገብቼ ወረቀቱን ሦስቴ አነበብኩት። ስለዚህ ይህን የምጽፈው ማዘዣ ይዛ በር ላይ ለምትቆመው ሴት ነው። ሐኪምሽን አይተካም። የታዘዘልሽን በትክክል እንድትወስጂ፣ ያልታዘዘልሽን ደግሞ በራስሽ እንዳትጀምሪ ነው።

መጀመሪያ፦ ለምን እንደታዘዘልሽ ጠይቂ

እንቁላል በወጣበት ቦታ ላይ ትንሽ ቢጫ አካል ይቀራል። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ፕሮጄስትሮንን የሚያመርተው እሱ ነው። ሆርሞኑ የማህፀንን ውስጠኛ ግድግዳ ለፅንሱ ያመቻቻል፤ ማህፀኑም ያለጊዜው እንዳይኮማተር ያረጋጋዋል። ከ7 እስከ 9 ሳምንት ባለው ጊዜ ግን የእንግዴ ልጁ ሥራውን ይረከባል።

መድኃኒቱ የሚታዘዝላቸው ሴቶች ሁሉ አንድ ዓይነት አይደሉም። የትኛዋ እንደሆንሽ ካወቅሽ ሌላው ሁሉ ይቀልልሻል።

አንደኛዋ በአይ ቪ ኤፍ፣ ማለትም እንቁላልና የወንድ ዘር ከሰውነት ውጪ ተዋህደው፣ ያረገዘች ናት። በተለይ ማህፀኗ በሆርሞን ተዘጋጅቶ በቅዝቃዜ የቆየ ፅንስ ከገባላት፣ እንቁላል ስላልወጣ ያ ቢጫ አካል የላትም። በሰውነቷ ያለው ፕሮጄስትሮን በሙሉ ማለት ይቻላል ከመድኃኒቱ የሚመጣ ነው። ለእሷ አንድ ቀን መዝለል ቀላል ነገር አይደለም።

ሁለተኛዋ ከዚህ በፊት ፅንስ የጨነገፈባትና አሁን ደም የምታይ ናት። እኔ እዚህ ውስጥ ነበርኩ። እ.ኤ.አ. በ2019 በእንግሊዝ አገር ውጤቱ የወጣ ትልቅ ጥናት አለ፤ ፕሪዝም ይባላል። በእርግዝና መጀመሪያ ደም ያዩ 4,153 ሴቶች ተሳትፈዋል። ግማሾቹ ፕሮጄስትሮን፣ ግማሾቹ ምንም የሌለበት ተመሳሳይ ፍሬ ወሰዱ። በአጠቃላይ ሲታይ በሕይወት የተወለደው ፕሮጄስትሮን ከወሰዱት 75 ከመቶ፣ ካልወሰዱት 72 ሆነ። ይህ ልዩነት በአጋጣሚም ሊመጣ ይችላል። ከዚህ በፊት ሦስትና ከዚያ በላይ ጊዜ የጨነገፈባቸው ላይ ግን 72 ከመቶ ለ57 ሆነ። ጨንግፎባቸው በማያውቁት ላይ ደግሞ ጥቅም አልታየም። ከዚያ በኋላ እ.ኤ.አ. በ2021 ናይስ የተባለው የእንግሊዝ የሕክምና መመሪያ አውጪ ተቋም ለእነዚህ ሴቶች፣ ማለትም ደም ለሚያዩና ቢያንስ አንድ ጊዜ ለጨነገፈባቸው፣ 400 ሚሊግራም በቀን ሁለቴ በብልት የሚገባ ፕሮጄስትሮን እንዲሰጥ አለ።

ሦስተኛዋ ደም የላትም፣ የጨነገፈ ነገርም የላትም። "ለጥንቃቄ" ተብሎ ተሰጥቷታል፤ ወይም እህቷ ከዱባይ ልካላታለች። ለእሷ ያለኝ ምክር አንድ ነው፦ ለምን እንደሆነ ሐኪምሽን ጠይቂ። "የደም ምርመራው ሆርሞኑ አነስተኛ ነው ስላለ ነው" ከተባልሽም ጠይቂ። ብዙ ጊዜ ሆርሞኑ የሚያንሰው ፅንሱ አስቀድሞ ስላልተመቸው ነው፤ ሆርሞኑ ስላነሰ አይደለም ፅንሱ የተጎዳው።

ምክንያቱ ሳይታወቅ ደጋግሞ የጨነገፈባቸው፣ አሁን ግን ደም የማያዩስ? ለእነሱ እ.ኤ.አ. በ2015 ፕሮሚስ የሚባል ጥናት ወጥቶ ነበር። 836 ሴቶች ተሳትፈው 65.8 ለ63.3 ከመቶ ሆነ። ብዙ ልዩነት የለውም። አንዳንድ ሐኪሞች ግን ጉዳት ስላልታየበት ይሰጡታል፤ ይህን ቁጭ ብሎ መነጋገር ነው።

ከመጀመርሽ በፊት፦ አልትራሳውንድ

ይህን ሳልጽፍ ባልፍ ሌላው ሁሉ ዋጋ የለውም። ደም እያየሽ ከሆነ ፅንሱ ማህፀን ውስጥ መሆኑ መረጋገጥ አለበት። ከማህፀን ውጪ ያለ እርግዝና በፕሮጄስትሮን አይድንም። በጊዜ ካልታወቀ ግን ነፍስ ሊያጠፋ ይችላል። "ደሙ እስኪቆም ይህን ልሞክር" ብለሽ ምርመራውን አታቆዪ።

ለሐኪምሽ ከምትነግሪው አትርሺ፦ የጡት ካንሰር፣ በእግር ወይም በሳንባ የደም መርጋት፣ ከባድ የጉበት ሕመም፣ የሚጥል በሽታ፣ ማይግሬን። ለውዝ፣ ሰሊጥ ወይም አኩሪ አተር አለርጂ ካለብሽም ተናገሪ። አንዳንዱ ካፕሱል ውስጥ የለውዝ ዘይት ወይም የአኩሪ አተር ውጤት አለበት፤ አንዳንዱ መርፌ በሰሊጥ ዘይት የተዘጋጀ ነው። የደም ዓይነትሽ ኔጋቲቭ ከሆነና ደም ካየሽ ያንንም ንገሪ፤ ሌላ መርፌ ሊያስፈልግሽ ይችላል።

ሳጥኑን እንደተቀበልሽ

ስሙን ከማዘዣው ጋር አስተያዪ። ገበያ ላይ የምታገኚያቸው ብዙ ናቸው፦ ሳይክሎጀስት 200 ወይም 400፣ ኡትሮጀስታን 100 ወይም 200፣ ክሪኖን የሚባል ጄል፣ በዘይት የተዘጋጀ መርፌ፣ እና የሚዋጠው ዱፋስቶን 10 ሚሊግራም። ዱፋስቶን ራሱ ፕሮጄስትሮን አይደለም፤ የሱ ዘመድ ነው። አንዱን በሌላው በራስሽ አትለውጪ። መጠናቸው አይመጣጠንም።

ስም የሚያሳስቱ ሁለት መድኃኒቶች አሉ፤ በጣም የምፈራው እነሱን ነው። አንዱ ፕሪሞሉት ነው፤ የወር አበባ ለማዘግየት ሴቶች የሚወስዱት። ሌላው በየሦስት ወሩ የሚወጉት ዴፖ ነው። ሁለቱም "የፕሮጄስትሮን ዓይነት" ስለሚባሉ ጎረቤት "እሱኑ ውሰጂ" ሊል ይችላል። ለእርግዝና አይደሉም። ቤት ውስጥ የተረፈ ፕሪሞሉት ካለሽ አትንኪው።

ከዚያ የሚያልፍበትን ቀን አንብቢ። እዚህ ላይ ሰው ሲሳሳት በዓይኔ አይቻለሁ። ሳጥኑ ላይ ያለው ዓመት በፈረንጅ ነው። በእኛ 2018 ላይ ሆነሽ "2024" ስታዪ ገና ስድስት ዓመት የቀረው ይመስልሻል። መድኃኒቱ ግን ካለፈበት ቆይቷል። አንዲት እናት ለልጇ ከሻንጣ ያወጣችውን ሳጥን እንዲህ ብላ "ገና ነው" ስትለኝ ቀኑን አብረን ቆጠርነው፤ ካለፈበት ዓመት ሆኖት ነበር። ከውጭ በሰው የተላከልሽ ከሆነ ይበልጥ ተጠንቀቂ።

ሁሉንም ባንዴ አትግዢ። በቀን ሁለት ፍሬ፣ ከ6ኛው ሳምንት እስከ 16ኛው ማለት 140 ፍሬ ነው። ባለ 400 ጠፍቶ ባለ 200 ከተሰጠሽ 280 ይሆናል። ቀጣዩ አልትራሳውንድ የልብ ምት ካላሳየ ሐኪሙ ያስቆምሻል። እስከዚያ ቀን የሚበቃሽን ያዢ፤ ግን ሦስት አራት ቀን ሲቀረው ፋርማሲ ደውለሽ መኖሩን አጣሪ። መድኃኒቱ አንዳንዴ ከገበያ ይጠፋል።

ሰዓቱን በእኛ አቆጣጠር አስተካክዪ

በቀን ሁለቴ ማለት በየ12 ሰዓቱ ነው። ይህ ለእኛ ሰዓት የተመቸ ነው፤ ጠዋት 2 ሰዓት ከሆነ ማታም 2 ሰዓት ነው። በቀን ሦስቴ ከሆነ ጠዋት 12፣ ከቀኑ 8፣ ማታ 4 ሰዓት አድርጊው። ከውጭ ክሊኒክ የተጻፈልሽ ከሆነ ግን "7፡00" የሚለው በፈረንጅ ሰዓት እንደሆነ አስቢ፤ ማታ 7 ሰዓት ማለት ለእኛ 1 ሰዓት ነው። ከባሕረ ሰላጤው አገር ወይም ከአሜሪካ ታክማ የመጣች ሴት ይህን ስታሳስት አይቻለሁ። ስልክሽ ላይ ማንቂያ ሙዪ። ካላንደር ላይም ከወሰድሽ በኋላ ምልክት አድርጊ። "ወስጄ ነበር ወይስ አልወሰድኩም?" የሚለው ጥያቄ ከሁሉ በላይ እንቅልፍ ይነሳል።

በብልት የሚገባውን እንዴት እንደምታስገቢ

ብዙ ባለሙያ "በታች" ብሎ ያልፋል። "በታች" ግን ለአንዷ ፊንጢጣ፣ ለሌላዋ ሌላ ነው። ስለዚህ በግልጽ ልበል፦ የወር አበባ በሚመጣበት በኩል ነው። በአፍም አይዋጥም።

እጅሽን በሳሙና ታጠቢ። ጥፍርሽ ረጅም ከሆነ ቁረጪው። መጀመሪያ ሽንትሽን ሽኚ። ከዚያ በጀርባሽ ተኝተሽ ጉልበትሽን እጠፊ፤ ወይም አንድ እግርሽን ወንበር ላይ አድርገሽ ቁሚ። ፍሬዋን በጣትሽ ወይም አብሮ በመጣው መግፊያ በቀስታ አስገቢ፤ ጣትሽ እስከሚደርስበት። ጥልቀቱ ብዙም አያስጨንቅ፤ ከአፉ ላይ እንዳይቀር ብቻ ነው። ካፕሱሉን ለማንሸራተት ውኃ ጠብ ብታደርጊበት ይበቃል፤ ቫዝሊን አያስፈልግም። ሳሙና አታስገቢ፤ ውስጡንም አትታጠቢ።

ማታ ማታ ከመተኛትሽ በፊት አድርጊው፤ ሥራው ያልቃል። ጠዋት ግን ወደ ሥራ መሄድ አለ። እኔ ጠዋት ካስገባሁ በኋላ ግማሽ ሰዓት ያህል እጋደም ነበር። ከዚያ መነሳት ችግር የለውም፤ ስትቆሚ ፍሬዋ አትወድቅም፤ ስትሄጂም ፅንሱን አትነቀንቂም።

ከሰዓታት በኋላ ነጭ፣ ቅባት የሚመስል ነገር ይወጣል። ይህ ለሳይክሎጀስት ዓይነቱ የተለመደ ነው፤ የፍሬዋ መያዣ ቅባት ቀልጦ ነው። መድኃኒቱ ተመጥጦ ነው የሚወጣው። ስለዚህ "ፈሰሰብኝ" ብለሽ ሁለተኛ አትድገሚ። ቀጭን ሞዴስ ያዢ፣ የጥጥ ፓንት ልበሺ። ጄሉ ደግሞ አንዳንዴ ተጠራቅሞ እንደ እርጎ ቁራጭ ይወጣል፤ እሱም አያስደነግጥ። የሚያሳክክ፣ የሚሸት ወይም አረንጓዴ ፈሳሽ ከሆነ ግን ሐኪምሽን አሳዪ። ለኢንፌክሽን የሚገባ ክሬም ከተሰጠሽ ሁለቱን አንድ ሰዓት ላይ አታስገቢ፤ እንዴት እንደምታከፋፍያቸው ጠይቂ።

ደም እየወጣም ቢሆን ያንኑ ቀጥዪ፤ በፕሪዝም ጥናት የተሳተፉት ደም እያዩ ነበር የወሰዱት። በጣም ከበዛ ወይም ከቆሰልሽ ሐኪሙ በፊንጢጣ እንድታደርጊው ሊፈቅድ ይችላል። እሱ ካልነገረሽ በራስሽ አትቀይሪ። በደም ጊዜ ከባል ጋር ስለመገናኘትም ብዙ ሐኪሞች ደሙ እስኪቆም ታገሱ ይላሉ። ይህን ለባልሽ አስቀድመሽ ንገሪው፤ እሱም ያግዝሽ።

መርፌ ከሆነ

በዘይት የተዘጋጀ ስለሆነ ወፍራም ነው፣ ያማል። ብልቃጡን ከመወጋትሽ በፊት ጥቂት ደቂቃ በመዳፍሽ ያዢው፤ ሲሞቅ ቀጠን ይላል። የሚወጋው በመቀመጫ ላይኛው የውጪ ክፍል ነው፤ ዛሬ ግራ፣ ነገ ቀኝ። ሲስተር ቀስ ብላ እንድትገፋው ጠይቂያት። ከዚያ ቦታውን በእጅሽ እሺው፣ በሞቀ ጨርቅ ያዢው። እብጠት ይቀራል፤ የተለመደ ነው። የሚቀላና የሚያቃጥል ወይም ትኩሳት የሚያስከትል ከሆነ ግን አሳዪ። አንዳንድ የሰፈር ክሊኒኮች እሑድና በበዓል ይዘጋሉ። በየቀኑ የሚወጋ ከሆነ አስቀድመሽ ማን እንደሚወጋሽ ተነጋገሪ።

የሚዋጥ ከሆነ

ዱፋስቶን ከምግብም ያለምግብም ይዋጣል። የፕሮጄስትሮን ካፕሱል በአፍ ከታዘዘልሽ ግን ራስ ያዞራል፤ እንቅልፍም ያመጣል። ማታ ዋጪው። ከዋጥሽ በኋላ መኪና አትንጂ።

ጾም ላይ ከሆንሽ የንስሐ አባትሽን ወይም ኡስታዝሽን አነጋግሪ እንጂ ሰዓቱን ለጾሙ ብለሽ በራስሽ አትቀይሪ። የሃይማኖት አባቶች ለነፍሰ ጡር ብዙ ጊዜ ቦታ ያደርጋሉ። መጠየቅ ነው የቀረሽ።

አንዱን ከረሳሽ

እንዳስታወስሽ ወዲያው ውሰጂ። የሚቀጥለው ሰዓት ከደረሰ ግን ያለፈውን ተዪው፤ ሁለቱን በአንድ ላይ አትውሰጂ። በአይ ቪ ኤፍ ያረገዝሽ ከሆንሽ ግን በዚያው ቀን ለክሊኒክሽ ደውዪ፤ ማሳወቅ አለብሽ። ሁለተኛዋ ዓይነት ሴት ከሆንሽ ደግሞ አንዷ ፍሬ በማምለጧ ፅንስ አይወርድም። ይህን ለራሴ ደጋግሜ መንገር ነበረብኝ።

ሰውነትሽ ምን ይላል

ጡት ያብጣል፣ ያማል። ሆድ ይነፋል፤ የሆድ ድርቀትም አለ። ድካም፣ የስሜት መለዋወጥ። እነዚህ የእርግዝናም ምልክቶች ናቸው፤ ስለዚህ ምልክቱ በመኖሩ "ደህና ነው" አትበዪ፤ በመጥፋቱም "አበቃ" አትበዪ። እኔ አንድ ጠዋት ጡቴ ሳያመኝ ስነሳ እያለቀስኩ ነው ቁርሴን የበላሁት። ከሰዓት በኋላ በአልትራሳውንድ ልቡ ሲመታ ታየ። የሚያውቀው አልትራሳውንዱ ነው። መድኃኒቱ የሽንት ምርመራውን አያዛባም፤ ነገር ግን ፅንሱ ከቆመ በኋላም ደሙ እንዲዘገይ ሊያደርግ ይችላል። ለዚህ ነው ቀጠሮው የማይዘለለው።

ከአልጋ አትነሺ የሚልሽ ሰው አይጠፋም። ሙሉ ቀን መተኛት ፅንስ እንዳይጨነግፍ ሲያደርግ አልታየም። ከባድ እንስራ አትሸከሚ፣ ደክሞሽ ከሆነ እረፊ፤ ቤት ውስጥ መንቀሳቀስ ግን ምንም አያደርግሽም። የፎሊክ አሲዱንም አታቁሚ።

ይህን ካየሽ ቀጠሮ አትጠብቂ

በሰዓት ሁለት ሞዴስ የሚያርስ ደም ለሁለት ሰዓት ከቀጠለ። በአንድ ጎን የበረታ የሆድ ሕመም። ትከሻ ጫፍ ላይ የሚሰማ ሕመም። ራስ መሳት ወይም መፍዘዝ። ትኩሳትና የሚሸት ፈሳሽ። እግር በአንድ በኩል ማበጥና መታመም፣ የትንፋሽ ማጠር፣ የደረት ሕመም፣ ድንገተኛ የዓይን መደብዘዝ። ወዲያው ሆስፒታል ሂጂ፤ ብቻሽን አትሂጂ። የትከሻው ሕመም ብዙ ሰው አያውቀውም፤ የውስጥ ደም መፍሰስ ምልክት ሊሆን ይችላል።

ሙቀቱ

ድሬዳዋ፣ ሰመራ ወይም ጋምቤላ ያለሽ ከሆነ ፍሬዎቹ ይቀልጣሉ። ሳይክሎጀስት በሰውነት ሙቀት እንዲቀልጥ ነው የተሠራው። መኪና ውስጥ አታስቀምጪ፣ በጠራራ ፀሐይ ከቦርሳ አታቆዪ። ፍሪጅ ካለሽ በፌስታል ጠቅልለሽ በሩ ላይ አድርጊው፤ ፍሪዘር ውስጥ አይደለም። ቀልጦ ቅርጹን ያጣውን አታስገቢ፤ ለፋርማሲው መልሰሽ አሳዪ።

ማቆም

ቀኑን የሚወስነው ሐኪምሽ ነው። በአይ ቪ ኤፍ ላረገዘች ብዙ ጊዜ ከ10 እስከ 12 ሳምንት፣ ደም አይታ ለጀመረች ደግሞ በናይስ መመሪያ እስከ 16 ሳምንት ነው። ሳምንቱ የሚቆጠረው ከመጨረሻው የወር አበባ የመጀመሪያ ቀን ነው። ካርድሽ ላይ ቀኑ በፈረንጅ ከሆነ የማቆሚያውን ቀን በእኛም አስጽፊ። የልብ ምት ታይቶ ደሙ ከቆመ "በቃኝ" ብለሽ ቀድመሽ አትተዪ። ቀስ እያልኩ ልቀንስ ወይ ስትዪም ሐኪሙን ጠይቂ፤ አንዳንዱ ያስቀንሳል፣ አንዳንዱ ባንዴ ያስቆማል።

መድኃኒቱን በትክክል ወስደሽም ሊጨነግፍ ይችላል። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ከሚጨነግፉት ውስጥ ወደ ግማሽ የሚሆኑት በፅንሱ ክሮሞሶም፣ ማለትም የዘር መረጃ በሚይዘው ክፍል፣ ችግር ነው። ያን ፕሮጄስትሮን አያስተካክለውም። የጨነገፈው ደረጃ ስለወጣሽ፣ ስለተናደድሽ ወይም አንድ ፍሬ ስለረሳሽ አይደለም። "ማህፀኗ አይዝም" የሚል ሰው ካለ ይህን አስነብቢው።

16ኛው ሳምንት ሲሞላኝ ሳጥኑ ውስጥ ስድስት ፍሬ ተርፎ ነበር። አንዲት ጎረቤቴ ለእህቷ ጠየቀችኝ። አልሰጠኋትም። እህቷን ከማዘዣዋ ጋር ወደ ሐኪም እንድትወስዳት ነገርኳት፤ ስድስቱን ፍሬ በማግስቱ ወደ ፋርማሲው መልሼ ለማስወገጃ ሰጠሁ።